ስድስተኛው መደብ

ባሏ ሞተ ብላ ለአገር ያስወራችው ራሷ የብርጓል ናት። ወሬው ውሸት መሆኑን የሚያውቁት እሷ፣ የአጎቷ ልጅ አንሙትና ሞተ የተባለው ሰውዬ ብቻ ነበሩ። ወልደ ሰንበት ጭኑን የቦምብ ፍንጣሪ መትቶት ከጮቄ ግርጌ ካለ ዋሻ ተኝቷል፤ አንሙት አጥሚት እያጠጣ፣ ቁስሉን ማር እየቀባ ያስታምመዋል። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሁለተኛው ዓመት ነው። የሚፈለግ ሰው ይታደናል፣ የሞተን ሰው ግን ማን ያድናል ብላ አሰበች፤ ክፉ አሳብም አልነበረም።

ያላሰበችው ነገር ሞትም ሥርዓት ያለው መሆኑን ነው። ሰው ሞተ ካልሽ ልቅሶ አለ፣ ሠልስት አለ፣ ዐርባ አለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ አንዴ የተናገረችውን ወሬ መልሳ ልትይዘው አልቻለችም። ከል ለበሰች፤ ለቀስተኛው ሲመጣ ደረቷን መታች። በሕይወት ላለ ባል ደረት መምታት ሟርት መሆኑን ስታስበው ጀርባዋን ይበርዳታል። «የቁም ተዝካሩን የሚያወጣ ስንት አለ፤ ይኸም እንደዚያው ነው» እያለች ልቧን ታባብላለች። ልቧ ግን አልተባበለም። ሌሊት ሌሊት ባሏ በራፍ ላይ ቆሞ፣ የራሱን ልቅሶ እየሰማ፣ መግባት አፍሮ ሲመለስ በሕልሟ ታየዋለች።

ወልደ ሰንበት አንድ አመል ነበረው። ሌላው ሰው በሬ ሲገዛ እሱ በገና ይገዛል። አንዴ ቁይ ገበያ በበቅሎ ሄዶ፣ በቅሎዋን ሸጦ፣ በገና ተሸክሞ በእግሩ የመጣበትን ቀን አገሩ ዛሬም ያወራዋል። እንዲህ እያለ ሰባት አደረሳቸው፤ ከእልፍኙ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ሰቅሎ እንደ ልጆቹ በስም ይጠራቸዋል። ከሁሉ የምትበልጠው እማሆይ ትባል ነበር፤ አንዲት መነኩሲት ሲያርፉ የተዉለት ናት። ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ ከሆድ የሚወጣ። ወልደ ሰንበት እሷን ይዞ ከተቀመጠ የብርጓል እንኳን ልታናግረው አትደፍርም ነበር፤ ቀንታባታለች ቢባል ሐሰት አይደለም።

በሮብ ገበያ ዙሪያ ያሉ በገና ደርዳሪዎች ማኅበር ነበራቸው። በዐቢይ ጾም በየቤታቸው እየዞሩ ይደረድራሉ፤ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ወልደ ሰንበት ግቢ በሬ ጥለው ቅርጫቸውን ይካፈላሉ። ስድስት ናቸው። የማኅበሩ አለቃ መምህር አካለ ወልድ የተባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሽታዬ የምትባል እንደ እሷ የሚደረድር ያልተገኘ ድሀ ሴት አለች፤ ውበቱና ታናሽ ወንድሙ አሉ፤ ወልደ ሰንበት አለ። ስድስተኛው ገብረ ኪዳን ነው። ገብረ ኪዳን ዛሬ ለጣሊያን አድሮ የባንዳ አለቃ ሆኗል፤ ከማኅበሩ ግን ማንም አላስወጣውም፣ እሱም አልወጣም። ድሮ እማሆይን ሽጥልኝ ብሎ ወልደ ሰንበትን ሦስት ጾም ሙሉ ለምኖታል። «ሚስቴን ብትጠይቀኝ ይቀልህ ነበር» ብሎ ስቆበታል ወልደ ሰንበት።

ይህ ማኅበር አንድ ሕግ ነበረው። የሞተ ሰው በገና ከዐርባ ቀን በላይ ከግድግዳ አይውልም። ባለቤት ያጣ በገና በገዛ ራሱ ያንጎራጉራል፣ ለሟቹም እረፍት ይነሣዋል ይላሉ። ስለዚህ ማኅበርተኞቹ ለተዝካሩ የሚሆን እህል እያመጡ እርስ በርሳቸው ይገዙታል እንጂ ለውጭ ሰው አይሸጥም።

ዐርባው ሲቃረብ ገብረ ኪዳን መጣ። ዘበኞቹን ከደጅ አቁሞ ብቻውን ገባና ከመደቡ ተቀመጠ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን አንድ በአንድ አየ።

«እመት የብርጓል፣ ዐርባው እኮ ደረሰ። በገናዎቹ ግን እንደ ተሰቀሉ ናቸው።»

«ልቤ አልቆርጥ ብሎ ነው፣ ጌታው።»

«ልብ የማይቆርጠው የሚመለስ ሰው ሲኖር ነው» አለ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «የሞተ እንደሆነ ይሸጡ። ያልሞተ እንደሆነ ደግሞ ከነገ ጀምሬ ጮቄን ዋሻ በዋሻ አስፈትሻለሁ።»

ከወጣ በኋላ የብርጓል ከመሬት ላይ ቁጭ አለች። የባሏ ነፍስ ከዚያ ግድግዳ ላይ መሰቀሏን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። በገናዎቹን ብትሸጥ ይኖራል፤ ባትሸጥ ይሞታል። ሰባቱንም ደግማ ደጋግማ አየቻቸው። ዕቃ ብቻ ናቸው ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

መምህር አካለ ወልድ ማኅበርተኞቹን ሰበሰቧቸው። አገር በተቃጠለበት ዘመን ስለ በገና አሻሻጥ ሲከራከሩ መዋላቸው ለሰሚ ይገርማል፤ ግን ሰው የሚይዘው ሲያጣ የለመደውን ይይዛል።

«በሐራጅ ይሁን» አለ ገብረ ኪዳን። «ማርቆስ ከተማ እንዲያ ነው የሚሸጠው። የበለጠ የሰጠ ይውሰድ።»

«እንዲያማ ከሆነ ሰባቱም ካንድ ቤት ሊገቡ አይደል? እኛን ለምን ጠራችሁን ታዲያ?» አለች ሽታዬ፤ የማን ቤት እንደሆነ መናገር አላስፈለጋትም።

ውበቱ ደግሞ የተሻለ የሚደረድር ቀድሞ ይምረጥ አለ። ማን እንደሚሻል ሲጨቃጨቁ ወንድማማቾቹ ራሳቸው ሊጣሉ ደረሱ። በስተመጨረሻ መምህር መቋሚያቸውን መሬት ላይ ጠቅ አደረጉ።

«በገና እንደ በቅሎ አይጫረቱበትም። እንደ ቅርጫችን ይሁን። ብርቱው ከደካማው ተደላድሎ ይመደብ፤ ዋጋው ለሁሉም እኩል አንዳንድ ጭነት ገብስ ነው፤ የሌለው ለመኸር ይስጥ። ከዚያ ዕጣ። ዕጣ ሀብታም አያውቅም፣ ሹም አያውቅም።»

«ማን ይመድበው?»

«የማታነሣው ትመድበው። የፋሲካውንስ ሥጋ የምትመድብልን እሷ አይደለችም? እጇ አድልቶ አያውቅም።»

እንዲህም ሆነ። በቀጠሮው ቀን የብርጓል በግቢው ውስጥ ትልቁን ጀንዲ አነጠፈች። በገናዎቹን አንድ በአንድ ከግድግዳ አወረደች፤ በወረዱ ቁጥር ጅማታቸው በራሱ ይነዝራል፤ ማኅበርተኞቹም ያንን እየሰሙ እርስ በርስ ላለመተያየት አንገታቸውን ይደፋሉ። ቀንበሩ የተሰነጠቀውን ከአጭሩ ጋር አደረገችው። ድምፁ ሻካራ የሆነውን መለወጫ ጅማት ጨመረችለት። ለሌላው የሚቀመጡበትን አጎዛ ደረበችበት። እጇ ይሠራል፤ አሳቧ ግን ዋሻው ውስጥ ነበር። ዛሬ ምን በልቶ ይሆን? ትኩሳቱስ? ይኸን ነገር ቢያይ ምን ይል ነበር?

መምህር ዕጣ ሰበሰቡ። እሳቸው ከመቁጠሪያቸው አንዲት ፍሬ ፈቱ። ሽታዬ ሰበዝ ሰጠች፣ ውበቱ ባቄላ፣ ወንድሙ ጠጠር፣ ገብረ ኪዳን የኮቱን ቁልፍ። ዕጣ የሚጥለው ዕጣው የማን የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው መሆን አለበትና በመንገድ የምታልፍ እንስራ ሻጭ ተጠራች። እንስራዋን አውርዳ በየመደቡ ላይ አንድ አንድ እያደረገች ሄደች። ፍሬዋን አኖረች፣ ቁልፉን አኖረች፣ ጠጠሩን፣ ሰበዙን፣ ባቄላውን። ከዚያ እጇን አራገፈች።

«አለቀ» አለች።

አላለቀም። አንድ መደብ ባዶውን ቀርቷል። በላዩ ላይ ያለችው እማሆይ ናት፣ ብቻዋን።

አምስት ሰው ነው የነበረው፤ የብርጓል ስድስት መድባለች። ስንት ፋሲካ ሙሉ ከዚያው ጀንዲ ላይ ስድስት ስትመድብ የኖረች እጅ ለባሏም እንደ ልማዷ መድባለት ነበር። ሚስት ለሞተ ባሏ አትመድብም። ለሚመጣ ነው የሚመደበው። ይህን ከዚያ ግቢ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከሁሉም ቀድሞ ያወቀው ግን ገብረ ኪዳን ነው። እንስራ ሻጯ እንኳ ነገር የገባት ይመስል «እኔ እንጃ፣ ወደዚችኛዋ እጄ አልሄድ አለኝ» ብላ እንስራዋን አንሥታ ወጣች።

«ይቺስ የማን ናት፣ እመት የብርጓል?» አለ ገብረ ኪዳን።

ተሳስቼ ነው ብትል ስሕተቱ ራሱ ምስክር ነው። መምህር የፈዘዘ ዐይናቸውን ወደ እሷ አቅንተው ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ አፏ ከአሳቧ ቀድሞ ተናገረ።

«የሱ ናት። አብራው ትቀበራለች።»

«ሬሳ ሳይኖር?» አሉ መምህር ደንግጠው።

«ሬሳውን የዱር አውሬ በላው። መቃብር የሌለው ሰው ሆኖ ቀረ። እሷን ከፍኜ እቀብርለታለሁ፤ ሬሳው እሷ ትሁን።»

መምህር እንጨት አይፈታም፣ ፍትሐት ለነፍስ ነው እንጂ ለዕቃ አይደለም አሉ። ከዚያ የሴትየዋን ፊት ሲያዩ ራሩ። ነፍሱን እንፈታለን፣ መቃብሩን ግን እንደ ወደድሽ አድርጊ አሏት። ገብረ ኪዳን ዐይኑን ከእሷ አልነቀለም።

«መልካም» አለ። «ዛሬውኑ እንቅበር። እኔም አፈር አለብሳለሁ።»

የኋሊት መመለሻ የለም። ነጭ ሸማ መጣ። ሽታዬ ከመከፈኗ በፊት ጅማቱን ላላላት ወይ ብላ ጠየቀች፤ የብርጓል እምቢ አለች። እሱ ሲሄድ የቃኛት ቅኝት ነው፤ በእጇ ልትፈታው አልሆነላትም። እናም እማሆይን እንደ ተቃኘች ከፈኗት፤ በቃሬዛ አድርገው ወደ ሚካኤል ተነሡ።

ያን ቀብር ያየ ሰው አይረሳውም። ተሸካሚዎቹ በተራመዱ ቁጥር ከከፈኑ ውስጥ ድምፅ ይወጣል። ጉም እንደሚያፍነው ሰው ዝግ ያለ፣ የታመቀ ማቃሰት ነው። ሴቶቹ መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ከዚያ አንዷ ጮኸች፤ ከዚያ አገሩ በሙሉ አለቀሰ። ያልተቀበረ ልጅ ያለው፣ ወንድሙ ከየት እንደ ወደቀ ያላወቀ፣ ሁሉም የራሱን ሬሳ ከዚያ ከፈን ውስጥ አገኘ። ካህናቱ የወልደ ሰንበትን የክርስትና ስም እየጠሩ ፈቱት። የብርጓል የውሸት ልቅሶዋን አስቀድማ ጨርሳዋለች፤ ያን ቀን ያለቀሰችው የእውነቷን ነው። ምን አደረግሁ፣ ምን አደረግሁ ትላለች። ሰዎች ሐዘን መስሏቸው ደግፈው ያዟት።

አፈሩ ሲወድቅ የእማሆይ ቆዳ አስተጋባ። ገብረ ኪዳን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ እንባው በጢሙ ላይ ወረደ።

«ወልደ ሰንበት በሕይወት ቢኖር ኖሮ ይቺን አያስቀብራትም ነበር» አለ ለመምህር። «አሁን አመንሁ።»

ጮቄም ሳይፈተሽ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ስለ መቃብሩ ማውራት ጀመረ። ንፋስ ሳይኖር ያንጎራጉራል፣ በግ አጠገቡ አይግጥም ተባለ። የሰው አፍ ነው እንዳይባል የብርጓልም ባዶ ግድግዳዋ ሥር ተኝታ ትሰማው ነበር። ከጆሮዋ አይደለም የሚመጣው፤ ከጥርሷ ሥር ነው። ራሷን በነጠላ ተከናንባ እያሰላሰለች ታነጋለች፤ ሰውዬው ይዳንልኝ እንጂ ይኸን እችለዋለሁ ትላለች።

መንገዱ ሰላም ሲመስላት አጥሚት በቅል ይዛ፣ ቆሎ ቋጥራ ወደ ዋሻው ወጣች። ወልደ ሰንበትን ተቀምጦ አገኘችው። ቁስሉ ሊድን ጀምሯል፤ በምርኩዝም ይነሣል። አንሙት ለውኃ ሲወርድ ሁሉንም ነገረችው። ስለ ሕጉ፣ ስለ ዕጣው፣ በስሕተት ስለ ጨመረችው መደብ፣ ስለ ቀብሩ።

መጀመሪያ ሳቀ። «እማሆይን? አንቺ ሴት፣ እኔን ብትቀብሪኝ አይሻልም ነበር?»

«ምን ላድርግ፣ ጌታዬ? እርስዎን ሊወስዱብኝ ሆነ እኮ።»

«ደግ አድርገሻል» አለ። ሳቁ ግን ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። ቆይቶ ጠየቃት። «ፈቱኝ?»

«ፈቱ።»

«በየትኛው ስሜ?»

«በክርስትናዎ።»

ከሥሩ ያለውን አለት በመዳፉ ደባበሰው። «የዚያን ሰሞን እኮ ነው የጀመረኝ። ከራስጌዬ ሥር፣ ከአለቱ ውስጥ ትነዝራለች። አንሙትን ስማው ብለው ትኩሳት ነው አለኝ። እስቲ አንቺ ጆሮሽን አድርጊ።»

የብርጓል ላለማድረግ ፈለገች። አደረገች። ድምፁ ከጥርሷ ሥር መጣ፤ ቤቷ ውስጥ የምታውቀው ያው ድምፅ።

«ምንም የለም» አለችው።

«አለ እንጂ። ስሜ ተጠርቶ ነፍሴ ተሸኝታለች። ወዲያ ማዶ ሲጠብቁኝ እኔ እዚህ ቆሎ እቆረጥማለሁ።»

ተቆጣችው፣ ለመነችው፣ እግሩን ይዛ አለቀሰች። የቁም ተዝካር ነው፣ ለጽድቅ ነው አለችው። እሱም እሽ እሽ ይላታል፤ ጉርሻዋንም ለእሷ ሲል ይቀበላታል። ቤት ወርዳ በተመለሰች ቁጥር ግን ከስቶ ታገኘዋለች። አንሙት ቁስሉ አመርቅዞ ነው አለ። ሊሆን ይችላል፤ ጭኑ ከውስጥ ይግላል። የብርጓል ግን ያንን አላመነችም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለች ሴት ነኝ አለች፤ ለራሷ ከዚያ ወዲያ ሌላ ስም አልሰጠችም።

ሰማንያው ሲደርስ የሠፈሩ ሴቶች ቀን ቆርጠው ነበር፤ ከሏን ሊያወጧት። በዚያው ሰሞን አንሙት ላከባትና ወጣች። ወልደ ሰንበት ሲነጋ አረፈ። በመጨረሻ የተናገረው ስለ እማሆይ አልነበረም፣ ስለ ሞትም አልነበረም። «እግርሽ እሾህ ወግቶታል፤ አውጭው» ነው ያላት።

ካህን አልነበረም። ቢመጣስ የተፈታን ሰው ምን ብሎ ይፈታል? በዶማ ቆፈሩ፤ አፈሩ ሲያልቅባቸው አለቱን በእጃቸው ፈነቀሉ። ከፈኑ ነጠላዋ ሆነ። ከሸለቆው ማዶ ጣሊያን የሠራው ምሽግ ይታያል፤ የሴት ጩኸት እዚያ ድረስ ሊሰማ ይችላል። ደግሞም ብትጮህ ለማን ብላ ትጮኻለች? ባሏ ሞቶ፣ ተለቅሶለት፣ ተቀብሮ፣ ሰው ረስቶታል። ለእንጨት አገር አስለቅሳ ለሰውዬው የቀሚሷን ጫፍ ነከሰች። አንሙት ድንጋይ ሲደራርብ እሷ በጉልበቷ ተንበርክካ አለቱን በመዳፏ ደባበሰችው። ምንም አይሰማም። ዝም ብሏል። ከዚያ ሁሉ ሌሊት በኋላ ዝምታው ነው አንጀቷን የበጠሰው።

ሴቶቹ ቀን ቆርጠዋልና መቅረት አትችልም፤ የት ሄደች ከተባለ አንሙትም አይተርፍም። ከነአፈሯ ወረደች። ሴቶቹ ከግቢው ውስጥ ተሰብስበው ይጠብቋታል፤ ውኃ አሙቀዋል፣ ቅቤ አንጥረዋል።

«የት ጠፍተሽ ነው፣ የብሬ? ስንጠብቅሽ ዋልን እኮ» አለች ሽታዬ።

«እንጨት ልለቅም ወጥቼ።»

«ያለ እንጨት? በይ ነይ፣ ይበቃሻል። ሞት ባንቺ አልተጀመረ። እሱን እንደሆነ እንደ ወጉ ሸኝተሽዋል፣ አገር መስክሮልሻል። እንዳንቺ ለባሏ ያስለቀሰች አላየንም።»

ከበርጩማ አስቀመጧትና ጥቁሩን ቀሚስ ከላይዋ ገፈፉት። ሽታዬ እጇን በሙቅ ውኃ ነከረችላት። ጥፍሮቿ ተሰብረዋል፣ ሥራቸው በቀይ አፈር ተሞልቷል። ሽታዬ አየች፤ ሌሎቹ ሴቶች እንዳያዩት በጀርባዋ ከለለቻት። ከዚያ በሰበዝ ጫፍ አፈሩን ከየጥፍሯ ሥር ታወጣ ጀመር። የብርጓል እጇን ልትነጥቃት ፈለገች፤ ያ አፈር ከባሏ የቀራት እሱ ብቻ ነበር። አልነጠቀችም። አፈሩ ውኃው ውስጥ ቀላ፣ ከዚያ ውኃው ተደፋ።

ፀጉሯን ቅቤ ቀቧት። አንዷ ሴት የታጠፈ ልብስ አመጣች፤ ገብረ ኪዳን ከማርቆስ አስልኮላት ነው አለች፣ አዝኖላት።

«በይ እንግዲህ፣ እጅሽን አንሺ» አለቻት ሽታዬ።

የብርጓል ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሣች። ነጩን ቀሚስ አጠለቁላት።